ግማሹ የእኔ፣ ግማሹ የጎረቤቴ

ግንበኛ ነኝ፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ አንድ ግድግዳ ላይ ከርሜያለሁ። ግድግዳው ያለው ዋሽንግተን ዲሲ፣ ሾው የሚባለው ሰፈር ውስጥ ነው። በሁለት ተያያዥ ቤቶች፣ እዚህ «ሮው ሃውስ» በሚሏቸው፣ መሀል ቆሟል። ከወዲህ፣ ከገቡ ሁለት ዓመት ያልሞላቸው ወጣት ባልና ሚስት አሉ። ከወዲያ፣ ከ1970ዎቹ ጀምሮ እዚያው የኖሩ ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ አሉ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

የደወለችልኝ ሚስትየዋ ናት። «ቤዝመንታችን ውስጥ ከግድግዳው አሸዋ ይረግፋል፤ ጠርጌ አልጨረስኩም» አለችኝ። ሄጄ አየሁት። ጓሮ በኩል ባለው ማዕዘን ጣቴን በሁለት ጡብ መሀል ሰደድ ሳደርገው እስከ ሁለተኛው አንጓ ገባ። ኖራው ታጥቦ አልቋል። የቀረው አሸዋ ብቻ ነው። አንዱን ጡብ ሳብ አደረግሁት፤ ያለ መዶሻ ወጣ። ሁለተኛውም ወጣ። ከኋላቸው የወለሉን ጣውላ የሚሸከመው አግዳሚ እንጨት ጫፍ ታየኝ። ነካ ሳደርገው እንደ ድርቆሽ ተፈረፈረ።

ባትሪ አበራሁና አንገቴን አስግጌ ወደ ውስጥ አየሁ። ማዶ ሌላ እንጨት አለ። የሽማግሌው ወለል ነው። ሁለቱን እንጨቶች የሚለያቸው አንድ ስንዝር እንኳ የማይሞላ ጡብ ነው። እሱም ረጥቧል።

ጥፋቱ የአሸንዳው ነው። ከጣሪያ የሚወርደው የዝናብ ቧንቧ ልክ በሁለቱ ቤቶች መጋጠሚያ ላይ ተሰንጥቆ፣ ስንት ዓመት ሙሉ ግድግዳውን ውሃ ሲያጠጣው ኖሯል።

«ግን ይሄ ግድግዳ የማን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

«የሁለታችሁም ነው» አልኳት።

አልተዋጠላትም። ማዶ ተሻግሬ ሽማግሌውን ሳነጋግራቸው እሳቸውም «የእኔ ነው» አሉ። አልፈርድባቸውም። ሃምሳ ዓመት ገደማ ሚስማር መትተው የልጆቻቸውን ፎቶ የሰቀሉበት ግድግዳ ነው። ሁለቱ ቤቶች አንድ ግድግዳ ተደግፈው ይኖራሉ፤ ሰዎቹ ግን አንድም ቀን ተቀምጠው አልተጨዋወቱም። እጅ ይነሳሳሉ፣ ያልፋሉ።

የዚህ ግድግዳ ነገር የሚጀምረው ከተማዋ ራሷ ከመሠራቷ በፊት ነው። ኦክቶበር 17 ቀን 1791 ፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግተን ለአዲሲቱ ዋና ከተማ የግንባታ ደንብ ፈረመ። ያኔ ቦታው ማሳና ጫካ ነው። ደንቡ ግን ስለ ጎረቤት ግድግዳ አስቀድሞ ይናገራል። የውጭውም የመሀሉም ግድግዳ በጡብ ወይም በድንጋይ ይሠራ ይላል። ቀድሞ የሚሠራው ሰው የግድግዳውን ውፍረት ግማሹን በራሱ መሬት፣ ግማሹን በጎረቤቱ መሬት ላይ ማሳረፍ ይችላል። ጎረቤትየው አንድ ቀን መጥቶ ቤቱን በዚያ ግድግዳ ላይ ሲያስደግፍ፣ የተጠቀመበትን ያህል የወጪውን ግማሽ ይከፍላል።

እስቲ አስቡት። ጎረቤቱ ገና አልመጣም። ማን እንደሆነ አይታወቅም። ግድግዳው ግን ለእሱም ጭምር ተሠርቶ ይጠብቀዋል። ይህን ያነበብኩ ቀን ሥራዬን በሌላ ዓይን ማየት ጀመርኩ።

ሐሳቡ የመጣው ከለንደን ነው። በ1666 የተነሳው ታላቁ ቃጠሎ ከ13 ሺህ በላይ ቤቶች በልቷል። እሳቱ ከእንጨት ቤት ወደ እንጨት ቤት እየዘለለ ነበር የተዛመተው። በማግስቱ ዓመት የወጣው የመልሶ ግንባታ ሕግ ጡብና ድንጋይ አስገደደ። የጎረቤታሞች የጋራ ግድግዳም ግማሽ በግማሽ ይሁን አለ። የዋሽንግተን ደንብም ያንኑ መንገድ ተከተለ። እርግጥ ደንቡ ሁሉ አልተከበረም። በ1796 የጡቡና የከፍታው ግዴታ ለጊዜው ታገደ፤ ለሠራተኛው የእንጨት ቤት ካልተፈቀደ ከተማው ሊሠራ አልቻለማ። የጋራ ግድግዳው ሕግ ግን ጸና። በ1794 አካባቢ የተሠሩት፣ ዊት ሮው የሚባሉት አራት ተያያዥ ቤቶች ዛሬም ሳውዝዌስት በሚባለው የዲሲ ክፍል ውስጥ ቆመዋል። እዚያ የሄደ ሰው ቢያያቸው ደስ ይለኛል። በዙሪያቸው የነበረው ሰፈር በ1950ዎቹ በመንግሥት ትእዛዝ ተጠርጎ ከሃያ ሺህ በላይ ሰው ሲፈናቀል እነሱ ተረፉ።

አዲስ አበባ ያላችሁ አንባቢዎች «ሮው ሃውስ» ስትሉ ሪል ስቴቶች የሚሸጡትን ጂ ፕላስ አንድ ወይም ሁለት ቤት ነው የምታስቡት። እዚያ ቤቱን የሚያቆመው የአርማታ ምሰሶ ነው፤ በመሀል ብሎኬት ይሞላል። እዚህ ያለው የድሮው ዓይነት ምሰሶ የለውም። የተሸከመው ግድግዳው ነው።

ቤቱ ጠባብ ነው፤ ወርዱ ብዙውን ጊዜ ከ16 እስከ 20 ጫማ። ወደ ኋላ ግን ይረዝማል። የወለሉ አግዳሚ እንጨቶች ከአንዱ የጋራ ግድግዳ ወደ ሌላኛው የጋራ ግድግዳ ተዘርግተዋል። የጣሪያው፣ የወለሉ፣ የአልጋው፣ የሰውም ክብደት ሁሉ በግራና በቀኝ ወዳሉት ወደነዚያ ግድግዳዎች ይሄዳል። ከመንገድ ቆማችሁ ፎቶ የምታነሱት ያማረው የፊት ግድግዳ ራሱን ችሎ ከመቆም አልፎ ብዙ አይሸከምም። ሸክሙ ያለው ማንም በማያየው ግድግዳ ላይ ነው።

አንድ ነገር ላሳያችሁ። እነዚህን አሮጌ እንጨቶች ከግድግዳ ስታወጧቸው ጫፋቸው ቀጥ ብሎ አልተቆረጠም። በሰያፍ ነው የተቆረጠው። የላይኛው ጠርዝ አጠር፣ የታችኛው ረዘም ይላል። መጀመሪያ ሳየው የአናጢ ስህተት መስሎኝ ነበር። አለቃዬ ነው ያስረዳኝ። ቤቱ በእሳት ቢያያዝና እንጨቱ መሀሉ ላይ ቢሰበር፣ ጫፉ ሰያፍ ስለሆነ ከግድግዳው ሾልኮ ይወድቃል። ቀጥ ብሎ ቢቆረጥ ግን ሲወድቅ እንደ ዲጂኖ ጡቡን ፈንቅሎ ግድግዳውን ይዞ ይወርዳል። ግድግዳው ከወረደ ደግሞ የጎረቤቱ ቤትም ይከተላል። አናጢው ያን እንጨት ሲቆርጥ የማያውቀውን ጎረቤት አስቦ ነው የቆረጠው። እኔ ጋራዥ ውስጥ አንድ እንደዚህ ያለ ጫፍ አስቀምጫለሁ። ልጄ «ለምን አትጥለውም?» ትለኛለች። አልጥለውም።

የጋራ ግድግዳ ውስጥ ያለው ጡብም የራሱ ጠባይ አለው። ድሮ ጡብ ሲተኮስ እሳቱን በደንብ ያገኘው ጠንክሮ ቀይ ይሆናል፤ ከእሳቱ የራቀው ገርጣ ብሎ ለስለስ ያለ ይወጣል። ጠንካራው ለፊት፣ ለስላሳው ለመሀል ግድግዳ ይውላል። ዝናብ አያገኘውም ተብሎ ነው። ስለዚህ አንዱ ቤት ሲፈርስ የቀረው ቤት ጎን ራቁቱን ይቀራል። ውሃ ችሎ የማያውቅ ጡብ ዝናብና በረዶ ይመታዋል። ዲሲ ውስጥ ጎረቤቱ የፈረሰበት ቤት ከሩቅ ይታወቃል። ጎኑ ላይ የድሮው ደረጃ ጥላ፣ የድሮው ምድጃ ጥቁረት፣ አንዳንዴም የሰው መኝታ ቤት ቀለም ይታያል። ግድግዳው ሆዱ እንዳይነፋ ብረት ወግተው በኮከብ ቅርጽ ብረት ይይዙታል። እኔ እነዚህን ጎኖች ሳይ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

የፊቱን ነገር ቶሎ ልለፈው፤ የሚያምረው እሱ ቢሆንም ሰው ሁሉ ስለሱ ጽፏል። አንድ ነገር ግን ሐበሻ ሁሉ ሊሰማው ይገባል። ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ ከተማው በሰው ተጥለቀለቀ፤ በ1860 ነዋሪው 75 ሺህ ነበር፣ በ1870 ከ131 ሺህ አለፈ። መንገዶቹ በጣም ሰፊ ነበሩ፤ ለማንጠፍም ለመጠገንም ገንዘብ የለም። በ1870 ኮንግረሱ ከመንገዱ ጎን ያለው መሬት ሣርና ዛፍ ይተከልበት አለ። ይህ «ፓርኪንግ» ተባለ። እኛ ፓርኪንግ ስንል ስንቱ ወገናችን ሌሊት ቆሞ ልጅ ያሳደገበት ሥራ ነው የሚታየን። ያኔ ቃሉ ፓርክ ማድረግ፣ ማልማት ማለት ነበር። ዛሬም ከብዙዎቹ ሮው ሃውሶች ፊት ያለው ትንሽ የአበባ ቦታ የባለቤቱ አይደለም፤ የከተማው ነው። ባለቤቱ ይንከባከበዋል እንጂ አይሸጠውም። በ1871 ደግሞ ቤቱ መስኮቱን ወደዚያ የጋራ መሬት ገፋ አድርጎ እንዲያወጣ ተፈቀደ። እነዚያ ወደ ውጭ ያበጡ ባለ ብዙ ጎን መስኮቶች የመጡት ከዚህ ፈቃድ ነው። ከቤቱ ሳሎን ውስጥ ሆናችሁ መስኮቱ ጋ ስትቆሙ፣ የቆማችሁት በሕዝብ መሬት አየር ላይ ነው ማለት ነው።

እኔ ያደግሁት ጉለሌ፣ የቀበሌ ቤት ውስጥ ነው። ከጎረቤት የሚለየን ጋዜጣ የለጠፍንበት የጭቃ ግድግዳ ነበር። ጎረቤታችን ራዲዮ ሲከፍቱ እኛ ቤት ጥርት ብሎ ይሰማል። አባቴ የራሱን ባትሪ ለመቆጠብ ዜናውን በእሳቸው ራዲዮ ነበር የሚያዳምጠው። እናቴ ጨው ካለቀባት ግድግዳውን ሁለቴ ትመታለች። «አቤት!» ይላሉ ከወዲያ። ጨው በልጅ ይመጣል።

በ2001 ዲቪ ደርሶኝ ዲሲ ስመጣ ያረፍኩት ከዘጠነኛው መንገድ ብዙም ሳይርቅ አንድ ሮው ሃውስ ቤዝመንት ውስጥ ነው። አራት ሐበሾች ነበርን። ሁለቱ ታክሲ ይነዳሉ፤ አንዱ ፓርኪንግ ይሠራል፤ እኔ ገና ሥራ እፈልጋለሁ። አንድ ቅዳሜ ቡና እየቆላን ግድግዳው ዷ ዷ ተደረገ። ጉለሌ ሁለት ሰኮንድ ውስጥ ተመልሶ መጣብኝ። «አቤት!» ብዬ ጮህኩ። ጓደኞቼ ደነገጡ። እዚህ አገር ግድግዳ መምታት «ጸጥ በሉ» ማለት እንደሆነ ያወቅሁት በኋላ ነው።

ትንሽ ቆይቶ በሩ ተንኳኳ። ጥቁር እናት ናቸው፤ ሰባዎቹ ውስጥ ይሆናሉ፤ የቤት ነጠላ ጫማ አድርገዋል። ቤታቸው በጭስ ተሞልቷል። ለካ የሁለቱ ቤቶች ጭስ መውጫ በዚያው ግድግዳ ውስጥ ጎን ለጎን ነው የሚወጣው፤ በመሀላቸው ያለው ኖራ ረግፎ የእኛ ጭስ በእሳቸው ምድጃ ይወጣል። እሳት የተነሳ መስሏቸው ነው የመጡት። ምጣዱን አሳየናቸው። ሸተት አደረጉት። ተቀመጡ። አቦሉን ጠጡ፣ ቶናውን ጠጡ፣ በረካ ድረስ ቆዩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «እማማ» ሆኑልን። እኛም «ቤቢ» ሆንን፤ አራታችንም።

የሰፈሩን ታሪክ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። በዚህ በኩል ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ በ1867 ነው የተመሠረተው። ዩ ስትሪት በጥቁሮች ሙዚቃና ቲያትር ስሙ ገንኖ «ብላክ ብሮድዌይ» የሚባልበት ዘመን ነበር። የጃዝ ሙዚቀኛው ዱክ ኤሊንግተን ልጅነቱን ያሳለፈው በእነዚህ ሰፈሮች ነው። ትሩ ሪፎርመር የሚባለው ትልቅ ሕንፃ በ1903 ሲሠራ ንድፉ የጥቁር አርክቴክት፣ የጆን ላንክፎርድ ነበር። እማማ ይህን ሲነግሩኝ አገጫቸውን ቀና አድርገው ነው። ከዚያ 1968 መጣ። ማርቲን ሉተር ኪንግ ኤፕሪል 4 ተገደለ። በዚያው ምሽት ቁጣው ከ14ኛውና ከዩ መንገድ ማዕዘን ተነሳ። 14ኛው ነደደ፣ 7ኛው ነደደ፣ ኤች ስትሪት ነደደ። እማማ እናታቸው የመስኮት መጋረጃዎቹን አውርደው ውሃ ውስጥ ሲነክሩ ያስታውሳሉ። ከዚያ በኋላ የምድር ውስጥ ባቡሩ ቁፋሮ መጣ። የዩ ስትሪት ጣቢያ በ1991 እስኪከፈት ድረስ ስንቱ ሱቅ ደንበኛ አጥቶ ተዘጋ። «ያላቃጠሉትን ቆፈሩት» ይሉ ነበር።

ጎረቤትህ ማን ይሁን የሚለውም ነገር በውል የተጻፈበት ጊዜ ነበር። ይህን ያወቅሁት ብሉሚንግዴል የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ብራያንት መንገድ ላይ ሥራ ይዤ ነው። በ1906 በዚያ መንገድ አንድ ብሎክ ላይ ከነበሩት 31 ቦታዎች 20ዎቹ የተሸጡት ለጥቁር እንዳይሸጡ፣ እንዳይከራዩ በሚል ውል ነው። ውሉን ያፈረሰ 2,000 ዶላር ቅጣት አለበት። በቀሩት 11 ቤቶች ደግሞ በኋላ ጥቁሮች ገቡ። በአንድ መንገድ፣ በአንድ ረድፍ! ጡቡ አንድ፣ ኖራው አንድ፤ ወረቀቱ ግን የተለያየ። የኸርድ ቤተሰብ 116 ቁጥርን ሲገዙ ነጭ ጎረቤቶቻቸው ከሰሷቸው። ጠበቃቸው የሃዋርድ ሕግ ትምህርት ቤትን የመራው ቻርልስ ሃሚልተን ሂውስተን ነበር። ሜይ 3 ቀን 1948 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፍርድ ቤቶች እንዲህ ያለውን ውል ማስፈጸም አይችሉም ሲል ፈረደ። ቤቱ አለ። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር መኪናዬን ቀስ አደርጋለሁ።

የእኛ ሰዎች ወደዚህ ከተማ በብዛት የመጡት ከ1974ቱ አብዮት ወዲህ ነው። ማማ ደስታ የሚባለው ምግብ ቤት በ1978 ጆርጂያ አቬኑ ላይ ተከፈተ። ቀጥሎ አዳምስ ሞርጋን የሚባለው ሰፈር፣ 18ኛው መንገድ። እኔ ስደርስ ደግሞ ተራው የዩ ስትሪትና የ9ኛው መንገድ ሆኗል። ቤቶቹ እነዚያው ሮው ሃውሶች ናቸው፤ ታች ምግብ ቤት፣ ላይ መኖሪያ። ጠባብ መሆናቸው ተስማማን። ፊት ለፊት ቡና፣ መሀል ገበታ፣ ኋላ ኩሽና። በ2004 የወጣው የቋንቋ ሕግ በከተማው መሥሪያ ቤቶች አማርኛን ከሚያገለግሉት ቋንቋዎች አንዱ አደረገው። በ2000ዎቹ አጋማሽ «9ኛው መንገድ በይፋ ትንሿ ኢትዮጵያ ይባል» የሚል ሐሳብ ሲነሳ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። የሰፈሩ ጥቁር ነዋሪዎች ተቃወሙ። ብዙዎቻችን ቅር አለን። እማማን ጠየቅኋቸው። «ቤቢ፣ እኛ እዚህ ነን እኮ፤ አልሞትንም» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። እኛ የመጣነው እነሱ በችግር ጊዜ ጥለውት ባልሄዱት ሰፈር ውስጥ ነው። ያ ስም ቢያምረንም ያኔ ለእኛ የሚገባ አልነበረም ብዬ አምናለሁ።

ዛሬ እማማ የሉም። ልጆቻቸው ቤቱን ሸጡት። እኔም በዚያ ሰፈር ኪራይ ከከፈልኩ ብዙ ዘመን ሆነኝ፤ ከዲሲ ወጣ ብሎ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። ወደ ሾው የምመጣው የሌላ ሰው ቤት ልጠግን ነው።

ወደ ግድግዳው ልመለስ። አባቴ ግንበኛ ነበር። ካዞላ አያያዝ ያስተማረኝ እሱ ነው። ጎንደር ሄዶ የፋሲልን ግንብ ሲያይ ያስደነቀው ቁመቱ አልነበረም። በድንጋዮቹ መሀል ያለውን ኖራ በጥፍሩ ፋቅ አድርጎ አየው። «ይሄው ስንት መቶ ዓመት ሲተነፍስ» አለን ሲመለስ። እኔ ያኔ አልገባኝም። አዲስ አበባ ሁሉ ነገር ሲሚንቶ ነው። ሲሚንቶ ያለው ሰው ስለ ኖራ ምን አስጨነቀው?

የገባኝ እዚህ፣ በራሴ ጥፋት ነው። በ2003 አንድ ኮንትራክተር ቀጠረኝ። ሥራው የአሮጌ ቤቶችን ፖይንቲንግ ማደስ ነበር፤ በጡቦቹ መሀል የረገፈውን አውጥቶ አዲስ መሙላት። በግራይንደር እንቆርጣለን፣ በሲሚንቶ እንሞላለን። ፈጣን ነው፤ ንጹሕ ይመስላል። ሦስት ክረምት ካለፈ በኋላ ከነዚያ ቤቶች በአንዱ ፊት አለፍኩ። የጡቦቹ ፊት እንደ ደረቀ ቅርፊት ተላጥቶ ደረጃው ላይ ፈስሷል። እኔ የሞላሁት ሲሚንቶ ግን ምንም አልሆነም። ጡቡ ወደ ውስጥ ጎድጉዶ እሱ ብቻውን እንደ አጥንት ቀጥ ብሎ ቀርቷል። መቶ ሃያ ዓመት የኖረ ጡብ። በእጄ ነው ያበላሸሁት። ያን ቀን ሥራ አልሄድኩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ግድግዳ ውሃ ይጠጣል፤ መተንፈስ አለበት። ኖራ ከጡቡ ለስለስ ስለሚል ውሃው በኖራው በኩል ይወጣል። ግድግዳው በሙቀትና በብርድ ሲንቀሳቀስ የሚሰነጠቀውም ኖራው ነው፤ እሱን በየስንት ዘመኑ ማደስ ይቻላል። ሲሚንቶ ግን ከአሮጌው ጡብ ይጠነክራል። ውሃው መውጫ ያጣና ጡቡ ውስጥ ይቀመጣል። በረዶ ሲመጣ ያብጣል። ጡቡ ይፈነዳል።

በትክክል ያስተማረኝ ከዚያ በኋላ የቀጠረኝ አለቃዬ ነው። ጥቁር አሜሪካዊ ግንበኛ ነው፤ አሁን ጡረታ ወጥቷል። ግራይንደር አያስነካም ነበር። መሮና መዶሻ ብቻ። ያረጀውን የመገጣጠሚያውን ስፋት ሁለት ተኩል እጥፍ ያህል ወደ ውስጥ ታወጣለህ። በውሃ ታጥባለህ። ከዚያ በትንሽ በትንሹ፣ ንብብር በንብብር ጠቅጥቀህ ትሞላለህ። የ1880ዎቹ ቤቶች ፊት ላይ ጡቦቹ በመጭመቂያ የተሠሩ፣ ጠርዛቸው እንደ ምላጭ የሆነ ነው፤ በመሀላቸው ያለው ኖራ አንዳንዴ ከክብሪት እንጨት አይወፍርም። እዚያ ላይ አንድ የእጅ ስህተት ለዘላለም ይታያል። ቀኑን ሙሉ ሠርቼ አንድ ክንድ ያህል ብቻ የጨረስኩበት ጊዜ አለ። «ዛሬ ጥሩ ሠራህ» አለኝ።

የሾው ግድግዳ ጉዳይ የተፈታው በእኔ ስብከት አይደለም። ስለ 1791ዱ ደንብ ለሁለቱም ነግሬያለሁ፤ ልጅቷ፣ ሚስትየዋ፣ በስልኳ ፈልጋ አነበበች። ሽማግሌው ግን ዝም ብለው ወደ ላይ ወጡና ከመሳቢያ አንድ ወረቀት ይዘው ወረዱ። ቡናማ የግሮሰሪ ከረጢት ተቀድዶ በጀርባው በእርሳስ ተጽፎበታል። የጭስ መውጫው ጥገና ሒሳብ ነው፤ ከሥሩ ለሁለት ተካፍሏል። ሁለት ፊርማ አለበት። አንዱ የእሳቸው ነው፤ ሌላው የዚያን ጊዜ ጎረቤታቸው። «ረስቼው ነበር» አሉ። ልጅቷ ወረቀቱን በሁለት እጇ ያዘችው። ብዙ አየችው። ከዚያ «የዚህን ጊዜውን የት እንጻፈው?» አለች።

ሥራውን ጀመርን። እንጨቶቹን በጃክ ደግፈን የበሰበሱትን ጫፎች ቆረጥን፤ በአጠገባቸው አዲስ አሰርን። የአዲሶቹን ጫፍ በሰያፍ ነው የቆረጥኩት። ከግድግዳው ካወጣኋቸው ጡቦች ደህናዎቹን አጥቤ መለስኳቸው። አንዱ ላይ ጭቃው ሳይደርቅ የያዘው ሰው ሦስት ጣቶች ተቀርጸዋል። ሁለቱንም ጠርቼ አሳየኋቸው። ሽማግሌው ጣታቸውን በጣቶቹ ምልክት ላይ አስገቡ። ልጅቷም ሞከረች፤ የእሷ ቀጭን ነው፣ ሰፋት። ጡቡን ምልክቱ ወደ እሳቸው በኩል እንዲሆን አድርጌ ገነባሁት፤ እሷ ናት እንደዚያ ይሁን ያለችው።

ኖራ ቶሎ መድረቅ የለበትም። ቀስ እያለ ካልጠነከረ ዱቄት ይሆናል። ስለዚህ በሁለቱም ቤዝመንት ውስጥ ግድግዳው ላይ የጆንያ ጨርቅ ሰቅዬ ጠዋትና ማታ ውሃ እንዲረጩበት አዘዝኩ። አንድ ሳምንት ያህል። ሽማግሌው ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ የቤዝመንቱ ደረጃ ቀጥ ያለ ነው። አሰብኩበት፤ ግን ምንም አላልኩም።

ትናንት ማታ መልእክት ደረሰኝ። ፎቶ ነው። የልጅቷ የውሃ መርጫ፣ የረጠበ ጆንያ፣ ከጆንያው በላይ ሚስማር ላይ የተሰቀሉ የልጆች ፎቶዎች። ያ ግድግዳ በእሷ በኩል ፎቶ የለውም።